የክራር እጅ በጊታር ላይ

ለሠርግም ሆነ ለዘመን መለወጫ ተሰብስበን ስናመሽ የማይቀር አንድ ነገር አለ። ዲጄው የዘመኑን ዘፈን ሲያጫውት ቆይቶ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ወይም የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ይለቃል። ያን ጊዜ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣል። እኛ ትልልቆቹ ብቻ ሳንሆን እዚህ ጁባ ያደጉት ልጆቻችንም፣ የጋበዝናቸው ደቡብ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ይነሣሉ። በአንዱ ምሽት አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄን ጊታር የሚመታው ማን ነው?» አለኝ። ስለ ዘፋኝ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ ስለ ጊታሪስት ግን የመጀመሪያው እሱ ነበር። በሙዚቃው ጩኸት መካከል በደንብ ስላልመለስኩለት እዚህ ልመልስለት። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ከየት መጣ? በአሜሪካ ጄምስ ብራውን በ1965 ገደማ ባንዱን በአዲስ መንገድ ማስጫወት ጀመረ። ጊታሪስቱ ጂሚ ኖለን ዜማ ከመከተል ይልቅ ክሮቹን በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ጊታሩን እንደ ከበሮ ይመታው ነበር። ፈንክ ያልነው ይህንን ነው። ቆየት ብሎ የጃዝ ሰዎችም ወሰዱትና ቀየጡት። ወደኛ የገባው በአንድ በር አይደለም። አስመራ ውስጥ የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሸክላ ቤቶች ነበሩ።

ከሸክላ ነጋዴዎቹ ውስጥ እኔ ነጋዴ ስለሆንኩ ይሆናል፣ አምሃ እሸቴን ሳላነሣ አላልፍም። በዚያን ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ይህንን ተላልፎ በውጭ አገር እያሳተመ መሸጥ ጀመረ። ንግድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ ይገባዋል፤ ዕቃው ሊወረስ፣ ሰውየውም ሊታሰር ይችል ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ትልልቆችን አወጣ። ከነዚህ አንዱ የሙላቱ አስታጥቄ የ1974ቱ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ነው። አምሃ በ2021 አርፏል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ያ የባዕድ ጊታር ለምን እንዲህ ተስማማን? ክራር የሚደረድር ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ከሆነ እጁን አስታውሱ። ቀኝ እጁ በመምቻው ክሮቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይመታል። የግራ እጁ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው እንዲጮኹ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ። ዜማው ካልታፈኑት ይወጣል፤ የታፈኑትም ዝም አይሉም፣ «ቸክ፣ ቸክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ምቱን የሚይዘው እሱ ነው። የፈንክ ጊታሪስት የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቀኝ እጁ ሳያቋርጥ ይመታል፣ ግራው ክሩን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ማንም ከማንም አልተማረም፣ ግን እጁ አንድ ነው። ለዚህ ነው የኛ ልጆች ጊታር ሲይዙ ቶሎ የለመዱት እላለሁ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎች በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ፤ እኔ ግን ክራር የሚመታ አጎት ነበረኝና ሁለቱንም በቅርብ አይቻለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። የምዕራባውያን ጃዝ ኮርድ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ፈንክ ግን አንድ ቦታ ረግጦ ረጅም ጊዜ መቆየት ይወዳል፤ ባሱ አንዱን ሐረግ ይደጋግማል፣ ቅኝቱም ሳይነካ ከላይ ይሄዳል። በዚህ ላይ የኛን ጭክጭካ ሲጨምሩበት እስክስታ ሆነ። በእግር እየተረገጠ ጊታሩን «ዋ-ዋ» የሚያሰኘው ፔዳል ሲገባማ ጊታሩ እንደ ማሲንቆ አለቀሰ።

ለወጣቱ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይኸው። በ1975 ከካይፋ ሪከርድስ በወጣው «ኧረ መላ መላ» ማሕሙድን ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ጊታሩ የሰላም ሥዩም፣ ባሱ የጆቫኒ ሪኮ ነው። በ1977 በወጣው የዋልያስ «ቸ በለው» ላይ ጊታሩን የሚመታው ማሕሙድ አማን ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ኦርጋኑ የኃይሉ መርጊያ። ጊዜው የደርግና የሰዓት እላፊ ጊዜ ነበር። ሌሊት መውጣት ስለማይቻል እንግዳው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ሲጨፍር ያድር ነበር። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ በመቶ የሚቆጠሩ ካሴቶችን አጅቧል። ሰላም ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው በሙዚቃ ታሪክ ላይ ነው። ፈረንጆቹ «ኧረ መላ መላ»ን በ1986 ብራስልስ ላይ እንደገና አሳትመው ዓለም ሰማው።

ጎረቤቶቻችን ለምን እንደሚነሡም ልንገራችሁ። የሱዳን ዜማም በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው። ካርቱም ውስጥ ሸርሐቢል አሕመድ በኤሌክትሪክ ጊታር ታውቋል፤ ከማል ኬላም ፈንክንና የኛን ስልት ቀይጦ ዘፍኗል። ከ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት በኋላ ሰላም በነበረበት ጊዜ ጁባ ራሷ ሬጃፍ ጃዝና ስካይላርክስ የሚባሉ ባንዶች ነበሯት። እነሱ ግን የሚያዩት ወደ ኮንጎና ወደ ካምፓላ ነበር፤ የኮንጎ ጊታር ጣፋጭ ነው፣ እንደኛው ግን አይቆርጥም። በ1983 ጦርነቱ ሲመለስ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተሰደደ። መሐመድ ወርዲ በ1990 ኢታንግ ድረስ ሄዶ ዘፍኖላቸዋል። ኢታንግ ያደጉ ደንበኞች ዛሬም ሱቄ ሲመጡ በአማርኛ «ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው» ይሉኛል።

በሐምሌ 2016 ግርግር ሱቄ ሲዘረፍ አንድ ካርቶን ካሴት አብሮ ሄዷል። ዘይትና ስኳሩ ተተክቷል። ካሴቶቹ ላይ ግን ከሽፋኑ ጀርባ ጊታር እገሌ፣ ባስ እገሌ እየተባለ የተጻፈ ነበር፣ ያንን የትም መልሼ አላገኘሁትም። የሮሃንና የዳሕላክን ካሴት ከነሽፋኑ ያስቀመጣችሁ አባላት ካላችሁ፣ ካሴቱ ባይሠራም እንኳ ሽፋኑን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አምጡና ፎቶ እናንሣው። ያ ወጣት አሁን ጊታር ገዝቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ይሞካክራል። ግራ እጁ ገና ማፈን አልለመደም።