ሳያረጅ ያረጀው ቴሌቪዥን፦ የመጀመሪያዎቹ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥኖችና የዲስክ ማጫወቻዎች ታሪክ



የቴክኖሎጂ ታሪክ በአመዛኙ የልደት ታሪክ ነው። ማን ፈለሰፈው፣ መቼ ለገበያ ዋለ፣ ከቀደመው በምን ተሻለ እያልን እንጽፋለን። አንድ መሣሪያ ሳይሰበርና ሳይበላሽ ከአገልግሎት የሚወጣበትን ምክንያት ግን እምብዛም አንመረምርም። በዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ በአንድ ውስን ጉዳይ ላይ አነሣለሁ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጡት ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥኖች ከእነርሱ በኋላ ከመጡት የዲስክ ማጫወቻዎች ጋር ሙሉ በሙሉ ሳይግባቡ የቀሩት ለምንድን ነው የሚለው ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከተፈጥሮ ሕግና ከዋጋ የመነጨ ነው፤ ሌላው ግን ከውል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን የዲጂታል ቴሌቪዥንን ደረጃ ያጸደቀው በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 1996 እ.ኤ.አ. ነበር። ደረጃውን ያዘጋጀው አካል 18 የምስል ቅርጾችን በሠንጠረዥ አስፍሮ ነበር፤ ኮሚሽኑ ግን ሌላውን ተቀብሎ ይህን ሠንጠረዥ አስገዳጅ ከማድረግ ተቆጠበ፤ ምርጫውንም ለገበያው ተወው። ከከፍተኛ ጥራት ቅርጾች መካከል ሁለቱ ጎልተው ወጡ። የመጀመሪያው 1080 መስመሮችን በሁለት ዙር፣ ማለትም ጎዶሎዎቹንና ሙሎቹን በየተራ የሚሥለው 1080አይ ነው። ሁለተኛው 720 መስመሮችን ያለማቋረጥ ከላይ እስከ ታች የሚሥለው 720ፒ ነው። ሲቢኤስና ኤንቢሲ የመጀመሪያውን፣ ኤቢሲና ፎክስ ሁለተኛውን መረጡ። በአንድ አገር አየር ላይ ሁለት ቋንቋ ተነገረ ማለት ነው።

የዚያን ዘመን ትላልቅ ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው በኤሌክትሮን ጨረር ምስል የሚሥሉ ነበሩ። ጨረሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚመላለስ የመሣሪያውን ዋጋ በእጅጉ ይወስናል። ለ480ፒ ወደ 31.5 ኪሎኸርዝ፣ ለ1080አይ 33.75 ኪሎኸርዝ፣ ለ720ፒ ደግሞ 45 ኪሎኸርዝ ያስፈልጋል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የአምራቾቹን ውሳኔ ወዲያው ይረዳዋል። ከ31.5 ወደ 33.75 መሻገር ትንሽ እርምጃ ነው፤ ወደ 45 መውጣት ግን ውድ ዑደት ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙዎቹ መሣሪያዎች 480ፒንና 1080አይን ሲቀበሉ 720ፒን በቀጥታ ማሳየት አልቻሉም፤ ወይ ወደ ሌላ ቅርጽ ይለውጡታል፣ ወይ ጨርሶ አያሳዩትም። 720ፒ የሚያወጣ ማጫወቻ ከእንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኘ ሰው ባዶ ማያ ቢያይ፣ ተጠያቂው ምሕንድስናና ዋጋ እንጂ የማንም ክፋት አልነበረም።

ሁለተኛው ክፍል ከዚህ ይለያል። ዲቪዲ በጃፓን በ1996 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1997 ለገበያ ቀረበ። በአሜሪካና በጃፓን ሥርዓት አንድ የዲቪዲ ምስል 720 በ480፣ ማለትም 345,600 ነጥቦች አሉት። 1920 በ1080 የሆነው ከፍተኛ ጥራት ምስል 2,073,600 ነጥቦች ስላሉት ልክ ስድስት እጥፍ ነው። ከጊዜ በኋላ የዲቪዲውን ምስል አስፍተው በ720ፒ ወይም በ1080አይ የሚያወጡ ማጫወቻዎች መጡ። ይሁን እንጂ ይህን የሰፋ ምስል ከተመሰጠሩ ዲስኮች የሚሰጡት በአዲሱ ዲጂታል ማገናኛ፣ በዲቪአይ ወይም በኤችዲኤምአይ ብቻ ነበር። የኤችዲኤምአይ የመጀመሪያ መግለጫ የወጣው በታኅሣሥ 2002 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሸጡት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የነበራቸው አንዱ ገመድ ብርሃንን፣ ሁለቱ የቀለም ልዩነትን የሚያደርሱበት ባለ ሦስት ገመድ የአናሎግ መግቢያ ነበር። ይህ መግቢያ 1080አይን ያለችግር ይቀበላል፤ ማጫወቻው ግን በእርሱ በኩል ከ480ፒ በላይ እንዳይልክ በፈቃድ ውል ታስሯል። ማያው ይችላል፣ ገመዱ ይችላል፣ ማጫወቻውም ይችላል፤ የከለከለው ውሉ ነው።

የፊልም ኩባንያዎቹን ሥጋት ማቃለል ግን ተገቢ አይሆንም። የዲቪዲ ምስጠራ በ1999 እ.ኤ.አ. ተሰብሮ ነበር። የአናሎግ ገመድ ቁልፍ የለውም፤ በእርሱ የሚያልፈውን ማንም ሊቀዳው ይችላል። ዲጂታሉ ማገናኛ ግን ኤችዲሲፒ በተባለው ምስጠራ ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ አስቀድመው እንዲተዋወቁ ያደርጋል። ከዚህ አንጻር አዲሱን በር ከፍቶ አሮጌውን መዝጋት ለባለመብቶቹ ምክንያታዊ መስሎ ታይቷቸዋል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ኤችዲ ዲቪዲና ብሉሬይ ሲመጡ ይኸው አስተሳሰብ ኤኤሲኤስ በተባለው የጥበቃ ሥርዓት ውስጥ ገባ። ሥርዓቱ በዲስኩ ላይ በሚቀመጥ አንድ ምልክት አማካይነት በአናሎግ የሚወጣውን ምስል ወደ 960 በ540 ዝቅ ለማድረግ ይፈቅዳል። ይህ 518,400 ነጥብ፣ ማለትም የሙሉው ምስል ሩብ ነው። ስቱዲዮዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምልክቱን ከመጠቀም በአብዛኛው ተቆጥበዋል። ሆኖም ውሉ ቀነ ገደብም ነበረው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በኋላ የሚሠሩ አዳዲስ ማጫወቻዎች የተጠበቀውን ምስል በአናሎግ የሚሰጡት በተራ ጥራት ብቻ እንዲሆን፣ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2013 በኋላ ደግሞ የአናሎግ መውጫው ለዚህ አገልግሎት ፈጽሞ እንዲቀር ተደነገገ።

እዚህ ላይ የዘመን ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። በመስከረም 2010 እ.ኤ.አ. የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ በይፋ ተበተነ፤ ምስጠራውን ያበጀው ኢንቴልም ቁልፉ ትክክለኛ መሆኑን አረጋገጠ። አሮጌውን በር ለመዝጋት ሰበብ የሆነው የአዲሱ በር ቁልፍ በአደባባይ ከወደቀ ከሦስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ የአናሎጉ ገደብ ሥራ ላይ ዋለ። ቁልፉ መውጣቱ ውሉን አላስቀረውም። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች፣ ለአዲሱ ቴክኖሎጂ ከሁሉ ቀድመው ብዙ ገንዘብ የከፈሉት፣ ቴሌቪዥናቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ አዲስ ማጫወቻ በገዙ ቁጥር ያነሰ ምስል የሚደርሳቸው ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ ለጥናታችን ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው የምርመራ ዘዴ ነው። ሁለት መሣሪያዎች አልግባባ ሲሉ «ቴክኖሎጂው አርጅቶ ነው» የሚለው ማብራሪያ የ720ፒውን ችግርና የአናሎጉን ክልከላ በአንድ ከረጢት ይጨምራል። የመጀመሪያውን ለመረዳት የዑደት ንድፍ ማንበብ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ለመረዳት ግን የፈቃድ ውሉን ማንበብ የግድ ነው። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ሰነድ ማንበብ መልመድ አለበት።

ሁለተኛው የቅርስ ጥበቃን ይመለከታል። በዲስክ የተቀመጠ ፊልም ይዞ ለመጪው ትውልድ ማቆየት የሚሻ ቤተ መጻሕፍት ዲስኩን ከአቧራና ከጭረት መጠበቁ ብቻ በቂ አይደለም። ዲስኩን የሚያነብ ማጫወቻ፣ ምስሉን የሚያደርስ ገመድ፣ የሚቀበል ማያ፣ ከእነዚህም ጋር ሦስቱ እንዲነጋገሩ የሚፈቅደው ውል ያስፈልጋሉ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ዲስኩ መደርደሪያው ላይ ይኖራል፣ ፊልሙ ግን አይታይም። ዕቃ ስንገዛም ሆነ ስብስብ ስናደራጅ መሣሪያው ዛሬ ምን ይችላል ብለን እንጠይቃለን፤ ነገ የሚችለውን እንዳያደርግ የመከልከል ሥልጣን በማን እጅ እንዳለም አብረን ልንጠይቅ ይገባል።