የሐር ካባና የልብስ ሳጥን፤ የቻይና ቴአትር አልባሳት የኢኮኖሚ ታሪክ

በዳላስ መሀል ከተማ የሚገኘው የክሮው የእስያ ጥበብ ሙዚየም በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሪል እስቴት ባለሀብቱ ትራመል ክሮውና ባለቤቱ ማርጋሬት የሰበሰቡት ይህ ቅርስ በ2019 በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ። ስብስቡ በተለይ የሚታወቀው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በተቀረጹ የጄድ ድንጋይ ሥራዎቹ ነው። ጄድ ለሰብሳቢ የተመቸ ቅርስ ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ብል አይበላውም። ከዚያው አገርና ዘመን የወጣው ባለ ጥልፍ የሐር የቴአትር ልብስ ግን በብርሃን ይደበዝዛል፣ በላብ ይበላሻል፣ በእጥፋቱ ይቀደዳል። እንዲህ በቀላሉ የሚጠፋ ዕቃ ቅርጹን ይዞ ለዘመናት እንዴት ዘለቀ? መልሱ ያለው በዕቃው ውስጥ ሳይሆን ዕቃውን በሚያሠራው ሥርዓት ውስጥ ነው።

በ1644 የማንቹ ገዥዎች ቤጂንግን ይዘው የቺንግን ሥርወ መንግሥት ሲያጸኑ፣ የቻይናን ወንዶች አለባበስና የፀጉር አያያዝ በአዋጅ ለወጡ። በመድረክ ላይ ግን የተሸናፊው የሚንግ ዘመን ካባ፣ ሰፊ እጅጌና መታጠቂያ መታየቱን ቀጠለ። በ1790 ለንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ሰማንያኛ ልደት ከአንሁዊ የመጡት የቴአትር ጓዶች ለቤጂንግ ኦፔራ መወለድ መሠረት ሲጥሉም ይህንኑ የአለባበስ ባህል ይዘው ነበር።

የባህሉ ዋና ሕግ ልብሱ ዘመንን፣ ወቅትንም ሆነ አገርን አለማመልከቱ ነው፤ የሚናገረው የገጸ ባሕርይውን ማዕረግና ጠባይ ብቻ ነው። ቢጫ ካባ የንጉሠ ነገሥት ነው። አረንጓዴው የጦር አበጋዙ የጓን ዩ መለያ ሲሆን፣ በፍትሐዊነቱ የታወቀው ዳኛ ባኦ ዠንግ ጥቁር ይለብሳል። ጀርባው ላይ አራት ሰንደቅ የተሰካበት የጄኔራል ልብስ ነው። ስለዚህ በአንድ ሺሕ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ታሪኮች በአንድ ካባ ሊሠሩ ይችላሉ።

ይህ ሕግ ውበትን ብቻ ሳይሆን ወጪንም የሚገዛ ነበር። በሱዡ ከተማ አውደ ጥናቶች በሐር ላይ በወርቅ ክር የሚጠለፍ የዘንዶ ካባ ረጅም የእጅ ሥራ የሚጠይቅ ውድ ዕቃ ነው። ከአገር አገር ለሚዞር የቴአትር ጓድ የልብስ ሳጥኖቹ ዋነኛ ሀብቱ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ድርሰት አዲስ ልብስ ማሰፋት ግዴታ ቢሆን ኖሮ ብዙው ጓድ ገና ከጅምሩ በከሰረ ነበር። የአለባበሱ ሕግ ግን ውስን ሳጥን ለብዙ ድርሰት እንዲበቃ አደረገ፤ ለጠላፊውም ገበያው ነገ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ነገረው። ተዋንያኑ የተሳሳተ ልብስ ከመልበስ የተቀደደ መልበስ ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው።

ልብሱ ውቅያኖስም ተሻግሯል። በ1852 ከመቶ የሚበልጡ አባላት የነበሩት የካንቶን ጓድ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ታየ፤ በ1930 ደግሞ ስመ ጥሩው ሜይ ላንፋንግ የአሜሪካን ተመልካች አስደመመ። በሁለቱ መካከል ግን የ1882ቱ ቻይናውያንን የማግለያ ሕግ የስደተኛውን ማኅበረሰብ ዕድገት አቀጨጨ፤ ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው። የተመልካቹን ቁጥር የሚወስነው የኢሚግሬሽን ሕግ በተዘዋዋሪ የመድረኩንም ዕጣ ይወስናል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የመጣው በ1966 ከተጀመረው የባህል አብዮት ጋር ነው። የነገሥታትና የመኳንንት ታሪኮች ታገዱ፤ ብዙ አልባሳት ተቃጠሉ። መድረኩን የያዙት «አርአያ» የተባሉት ሥራዎች የሚፈልጉት የወታደርና የገበሬ ልብስ ነበር። የዘንዶ ካባ ፈላጊ ሲያጣ የጠላፊው ሙያም አብሮ ሥራ ፈታ። እገዳው ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ መቆየቱ ጠቀመ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀድሞው ቴአትር ሲመለስ፣ ሙያውን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። እገዳው አንድ ትውልድ ቢሻገር ኖሮ የቤጂንግ ኦፔራ በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩ ለሙት የተሰጠ ክብር በሆነ ነበር።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚሆነውን ለማየት ጎንደርን ማስታወስ ይበቃል። በጎንደር ዘመን ከውጭ በመጣ የሐር ክር ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች በአገር ልጅ እጅ ተሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ ሌላው ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ዕቃዎቹ ተርፈዋል፤ ያን ያህል ግዙፍ ሐር የሚሠራው ሙያ ግን አልተረፈም።

በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ለሚኖረው ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የተዘረፈ ቅርስ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም የተመለሰው መጋረጃ ሸማኔ አይወልድም። ሸማኔን የሚያኖረው በየዓመቱ የሚመጣ ትእዛዝ ነው፤ ለሠርግ የሚታዘዝ ካባ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚጠለፍ ልብሰ ተክህኖ፣ ለመድረክ የሚሰፋ የተዋናይ ልብስ። እነዚህ ትእዛዞች ዛሬም ከቴክሳስ ይወጣሉ። ለእጅ ባለሙያው ወይም ለርካሹ የፋብሪካ ቅጂ እንዲደርሱ የሚወስነው ግን ገዥው ነው።