ገማቹ እንደ ምስክር፦ ከኸይበር የቴምር ዛፎች እስከ መህር ዕዳ

በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ኸይበር ከተከፈተች በኋላ ነዋሪዎቿ አይሁዶች እርሻውን እያለሙ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ተስማሙ። ቴምሩ ገና በዛፉ ላይ ሳለ መጠኑን የሚገምት ሰው አስፈለገ፤ የተላከውም ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ (ረ.ዐ.) ነበር። ይህ ሥራ በፊቅህ ኪታቦቻችን «ኸርስ» ይባላል። ሚዛንም ሆነ ቁና የለም፤ ያለው የገማቹ ዓይንና ልምድ ነው።

ዘገባዎቹ እንደሚያወሱት፣ ሰዎቹ የሴቶቻቸውን ጌጥ ሰብስበው ሊያባብሉት ሞከሩ። እርሱም ጉቦው እርም መሆኑን ነገራቸው፤ ለእነርሱ ያለው ጥላቻም ወደ በደል እንደማይመራው ገለጸላቸው። ቀጥሎ ምርጫ ሰጣቸው፦ በዚህ ግምት ፍሬውን እናንተ ወስዳችሁ ድርሻችንን ስጡን፤ ካልሆነም እኛ ወስደን ድርሻችሁን እንስጣችሁ። እነርሱም ሰማይና ምድር የቆሙት በዚህ ዓይነቱ ፍትሕ እንደሆነ መሰከሩ። ኢብኑ ረዋሓ በ8ኛው ዓመት በሙእታ ስለተሠዋ በዚህ ኃላፊነት ላይ ብዙ አልቆየም፤ አሠራሩ ግን ቀረ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በደርስ ላይ የምናነሳው ስለ ጉቦ ስናስተምር ነው። ለእኛ ግን ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ምርጫው ነው። ገማቹ የተናገረው ቁጥር የታመነው ከሁለቱም ወገን ለመቆም ዝግጁ ስለነበር ነው። ዋጋ ከፍሬው ውስጥ ተለቅሞ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ የሚያውቁ ሰዎች የሚመሰክሩት፣ ሌሎችም ምስክርነቱን የሚቀበሉት ነገር ነው።

ፉቀሃኦች «ሰመን» እና «ቂማ» የሚሉትን ቃላት የለዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰመን ሻጭና ገዥ የተስማሙበት ነው፤ ቂማ ደግሞ ባለሙያዎች ለዕቃው የሚመሰክሩለት ነው። ሁለት ባለቤቶች ካሉት ባሪያ ላይ አንደኛው ድርሻውን ነጻ ቢያወጣ፣ የቀረው ድርሻ ሳይጎድልና ሳይበዛ በፍትሐዊ ግምት እንዲከፈል በኢብኑ ዑመር ሐዲስ ታዟል። ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ ይህን ሐዲስ ጠቅሰው፣ ግዴታ በሚኖርበት ጊዜ ባለንብረቱ በእኩያ ዋጋ እንዲሸጥ ማስገደድ እንደሚቻል ያስረዳሉ።

በጋብቻም እንዲሁ ነው። መህር ሳይወሰንላት ባሏ የሞተባት ሴት ጉዳይ ለኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) በቀረበ ጊዜ እንደ ዘመዶቿ ሴቶች መህር ይሁንላት ሲሉ ፈረዱ፤ መዕቂል ኢብኑ ሲናንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለበርወዕ ቢንት ዋሺቅ የፈረዱት ይህንኑ እንደነበር መሰከረ። በሻፊዒይ መዝሀብ ማነጻጸሪያዎቹ በአባት በኩል ያሉ ሴቶች ናቸው፦ እኅቶች፣ የወንድም ልጆች፣ አክስቶች። ማስረጃው የሚገኘው ሰው ትውስታ ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚከብደው መለኪያው ራሱ ሲዋዥቅ ነው። ፉሉስ የሚባሉት የመዳብ ሳንቲሞች ዋጋቸው ሲወድቅ ዕዳው በቁጥር ይከፈል ወይስ በዋጋ? አቡ ሐኒፋ በቁጥሩ አሉ። አቡ ዩሱፍ በመጨረሻው አስተያየታቸው በብድር የተረከቡበትን፣ በሽያጭ የተዋዋሉበትን ቀን ዋጋ ያዙ። በ1252 ዓ.ሒ. (1836 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የደማስቆው ኢብኑ ዓቢዲን ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። በዘመናቸው የሱልጣኑ ትእዛዝ የሳንቲሞችን ዋጋ በተለያየ መጠን ሲቀንስ፣ ባለዕዳው አብዝቶ የወደቀውን እየመረጠ ይከፍል ነበር። እርሳቸው ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይወድቅ መካከለኛውን ይዞ በሱልሕ መጨረስን መረጡ። የብዙዎቹ ፉቀሃኦች ታዋቂው አቋም ግን የተበደሩትን አምሳያ መመለስ መሆኑን አንዘነጋም፤ ይህን ለተማሪ ሸፍኖ ማለፍ አማና ማጉደል ነው።

የእኛም ብር ከዚህ አላመለጠም። እስከ 1985 ዓ.ም. ለረጅም ዓመታት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ከዚያ በ5 ብር ሆነ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። በ1970 ዓ.ም. የተጻፈ «ቀሪ መህር 300 ብር» ዛሬ ምን እንደሚባል መስጊድ የሚያገለግል ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ወደ እኛም መጥቶ ነበር። ባል ሞቶ ውርስ ሊከፈል ሲል፣ ዕዳ ከውርስ ይቀድማልና የሚስቲቱ ቀሪ መህር ተነሣ። የሌላ እናት ልጆች የሆኑት ወራሾች ወረቀቱን አሳይተው «300 ብር» አሉ። በያዝነው መዝሀብ ቀዷእ አልተሳሳቱም፤ ስለዚህ ፈትዋ ከመስጠታችን በፊት ሱልሕ ጠየቅን። በዚያው ዓመት የተዳሩ ሁለት አክስቶቿ ተጠሩ። ሁለቱም ለየብቻ ተጠይቀው፣ ያ ገንዘብ ያን ጊዜ አንዲት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ይገዛ እንደነበር ተናገሩ። ታላቁ ወራሽ ግምቱ በዛ አለ። አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው፦

«ልጄ፣ እንግዲያው አንተ ባለመህሯ ሁን፣ እርሷ ወራሽ ትሁን። 300ውን ብር ትወስዳለህ?» አሉት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ወንድሞቹን ወደ ውጭ ይዞ ወጣ፤ ሲመለሱ የላሟን ነገር ትተው ስለ ጥጃዋ ብቻ ይከራከሩ ነበር።