የቤት አልባ ኤልጂቢቲኪው ወጣቶች የመኖሪያ ድጋፍ

የቤት አልባ ኤልጂቢቲኪው ወጣቶች የመኖሪያ ድጋፍ በፆታዊ ዝንባሌያቸው ወይም በፆታ ማንነታቸው ምክንያት ከቤተሰብ ለተባረሩ ወይም ሸሽተው ለወጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች የሚሰጥ የመጠለያ፣ የቤት ኪራይና የምክር አገልግሎት ነው። «ኤልጂቢቲኪው» የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሴቶችንና ወንዶችን፣ የሁለቱም ፆታ አፍቃሪዎችን፣ ትራንስጀንደሮችንና ሌሎችንም የሚያጠቃልል ምሕጻረ ቃል ነው። አገልግሎቱ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች በይፋ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ግን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል የሚያስቀጣ በመሆኑ በይፋ የሚሠራበት መንገድ የለም።

ምክንያቶች

ዋናው ምክንያት የቤተሰብ መገለል ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻፒን ሆል እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ባወጣቸው የጥናት ውጤቶች መሠረት፣ በአሜሪካ ኤልጂቢቲኪው ወጣቶች ቤት አልባ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎች እኩዮቻቸው ከእጥፍ በላይ ነው። በተለመዱ መጠለያዎች የሚደርስ ጥቃትና ትራንስጀንደሮችን ያላገናዘበ የወንድና የሴት ክፍል አመዳደብም ብዙዎችን ወደ ጎዳና ይመልሳል።

ታሪክ

ከቀደምቶቹ አንዱ ሲልቪያ ሪቬራና ማርሻ ፒ. ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ የከፈቱት «ስታር ሃውስ» ነው። መሥራቾቹ ራሳቸው የጎዳና ሕይወትን ያዩ ነበሩ፤ ቤቱ በዓመቱ ተዘጋ።

በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር የ16 ዓመቱ አልበርት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1989 ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ወድቆ ሞተ። በዚያው ዓመት ካት ሆል በስሙ ድርጅት አቋቋመች። የድርጅቱ የመጀመሪያ አሠራር ወጣቶቹን ሊቀበሏቸው ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ቤት ማሳረፍ ነበር።

በኒውዮርክ ካርል ሲሲሊያኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የአሊ ፎርኒ ማዕከልን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በስድስት አልጋ ጀመረ። አሊ ፎርኒ እ.ኤ.አ. በ1997 በሃርለም የተገደለ የ22 ዓመት ቤት አልባ ወጣት ነበር።

የድጋፍ ዓይነቶች

• የአስቸኳይ መጠለያ፦ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት አልጋ፣ ምግብና ሕክምና።
• የሽግግር መኖሪያ፦ ወጣቱ ትምህርት ወይም ሥራ እየያዘ ለወራት የሚቆይበት ቤት።
• የአስተናጋጅ ቤት፦ ፈቃደኛ ግለሰብ ወይም ቤተሰብ በቤቱ የሚቀበልበት አሠራር።
• የኪራይ ድጎማ፦ በተለያዩ ሰፈሮች በተከራዩ ቤቶች የሚሰጥ ነው። ነዋሪዎቹ በአንድ ቦታ ስለማይሰበሰቡ ጥላቻ በበረታበት አገር ይህ አሠራር ይመረጣል።

በኢትዮጵያ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እሥራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 630 በሚዘረዝራቸው ከባድ ሁኔታዎች ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዓላማው ከሕግ ወይም ከሕዝብ ሞራል ጋር የሚቃረን ድርጅት እንዳይመዘገብ ስለሚያደርግ፣ ለእነዚህ ወጣቶች ተብሎ መጠለያ የሚከፍት ድርጅት ፈቃድ የሚያገኝበት በር ዝግ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የመዝናኛ ቦታዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታውቋል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ማረፊያ ማግኘትም ከሥጋት አያመልጥም።

የቤት እጦቱ ከኑሮ ሥርዓቱም ጋር ይያያዛል። ከመካነ ሰላምም ሆነ ከሌላው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወጣት በአብዛኛው የሚያርፈው ዘመድ ቤት ነው። በአዲሱ ከተማ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ፣ ለብዙ ሥራዎች ደግሞ ተያዥ ይጠየቃል። ከዘመድ የተቆረጠ ወጣት ማረፊያውን፣ የሚያውቀውን ሰውና ዋሱን በአንድ ጊዜ ያጣል።

በ2009 ዓ.ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለጎዳና ነዋሪዎች ድጋፍ አካቷል። ከዚህ ድጋፍ አንዱ ክፍል ሰውን ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማገናኘት ነው። ለብዙ የጎዳና ልጆች መልካም የሆነው ይህ መንገድ ቤተሰቡ ራሱ ላባረረው ወጣት አይሠራም። በአዲስ አበባ ራሳቸውን «ዜጋ» ብለው የሚጠሩ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ባሉበት ክበብ፣ ቀሪው አማራጭ ጓደኛ ከጓደኛ ክፍል መጋራት ነው።

በስደት

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 9 በፆታዊ ዝንባሌ ወይም በፆታ ማንነት ምክንያት የሚደርስ ስደት በ1951ዱ ስምምነት ጥበቃ ሊያሰጥ እንደሚችል አስፍሯል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሚኖሩባት ኬንያም ድርጊቱ ወንጀል ነው፤ የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ሕጉን አጽንቷል።

በቪየና እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው «ኩዊር ቤዝ» ለኤልጂቢቲኪው ስደተኞች የሕግ ምክርና የመኖሪያ ድጋፍ ይሰጣል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የዋንዳ አልስተን ቤት የሽግግር መኖሪያ ይሰጣል። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት «ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ» በመብት ጥብቅና ላይ ይሠራል።