ከጉድጓዱ ግርጌ የተወሰደ አፈር

በአሜሪካ ማደያዎች ሥር የተቀበሩት የብረት ታንኮች ዝገው ነዳጁ የከርሰ ምድር ውኃን መበከሉ ቢታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕግ ወጣ። የ1988ቱ ደንብም ታንኩ ሲነሣ ብክለት ይበልጥ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ሥፍራ እንዲመረመር አዘዘ።

ደንቡ መልካም ነበር፤ ዕንከኑ ከናሙናው አያያዝ መጣ። አፈሩ በማንኪያ ተዝቆ፣ በብርጭቆ ዕቃ ታሽጎ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ወደ ላቦራቶሪ ሲጓዝ፣ ካንሰር አምጪው ቤንዞል (እጅግ ተናኝ መሆኑን ባልደረቦቻችን ያውቁታል) አብዛኛው ከመለካቱ በፊት ይተንን ነበር። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚለውን የዚያን ዘመን የምስክር ወረቀት በጥርጣሬ እመለከተዋለሁ።

የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ናሙናው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ በሜታኖል እንዲዘፈቅ፣ ወይም አየር በማያስገባ መቅጃ እንዲወሰድ የሚያስችለውን ዘዴ ያወጣው በ1997 ነው። ያን ጊዜ ብዙው ጉድጓድ ተደፍኖ አስፋልት ለብሷል።