ስለ ሰሜን አምባዎችና ስለ ጥንታዊ የድንበር ምሽግ

ከጎንደር ወደ አክሱም የሚጓዝ ሰው ደባርቅን ካለፈ በኋላ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ አዲ አርቃይ ይደርሳል። ከበስተ ኋላው የሰሜን ተራሮች ገደል እንደ ቅጥር ቆሞ ይታየዋል፤ ከፊቱ ደግሞ ምድሩ ወደ ተከዜ ያዘነብላል። ይህ አገር በጥንት ዘመን የአክሱም መንግሥት ዳርቻ እንደ ነበረ የሚያመለክት ጽሑፍ አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከነበረ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ አንድ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። በዚያ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ ቀደምት ንጉሥ «ዓባይን» ተሻግሮ በበረዶ በተሸፈኑ ተራሮች የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። ይህ «ዓባይ» ተከዜ እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

እንግዲህ ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ ይመጣል፤ ዳርቻ ከነበረ ምሽጉ የት አለ? ግንብ ፈልገው ባጡ ጊዜ ምሽግ አልነበረም ብለው ይፈርዳሉ። ስሕተቱ ግን ከፍለጋው አካሄድ ላይ ይመስለኛል። ይህንም ለማስረዳት በዚያው በዓባይ ተፋሰስ የሚገኘውን፣ በሚገባ የተመረመረ አንድ የሮማውያን የድንበር ምሽግ ማየት ይጠቅማል።

በኑብያ የሚገኘው ቃስር ኢብሪም በወንዙ ዳር በቆመ ዐለት ላይ የተሠራ ነው፤ የእኛ ሰው ቢያየው አምባ ይለዋል። የግብጽ አገረ ገዥ ፔትሮኒዩስ ከኩሽ ንግሥት ጋር በተዋጋ ጊዜ፣ በ20ዎቹ ቅ.ል.ክ.፣ ስፍራውን ይዞ 400 ወታደሮችንና የሁለት ዓመት ስንቅ በዚያ እንዳኖረ ስትራቦን ጽፏል። በኋላም በ298 ገደማ ዲዮቅልጥያኖስ የሮማን ድንበር ወደ አስዋን መለሰው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በተሠራ ጊዜ፣ ከ1963 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የእንግሊዝ ቆፋሪዎች ስፍራውን መረመሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግኝት የወጣው ከጥራጊው ክምር ነው፤ በ1978 የመጀመሪያው የግብጽ ሮማዊ አገረ ገዥና ባለ ቅኔ የነበረው ጋሉስ የደረሳቸው ስንኞች በፓፒሩስ ላይ ተገኙ። ከዚያ በፊት ከዚህ ሰው ቅኔ የሚታወቀው አንድ ስንኝ ብቻ ነበር።

የሰሜን አየር እንደ ኑብያ ደረቅ ስላልሆነ ፓፒሩስና ቆዳ ይቀራል ብለን ተስፋ አናደርግም። ሸክላ፣ ከሰል፣ የተቃጠለ እህልና የድንጋይ መሣሪያ ግን በዝናብ አይጠፉም። ደግሞም በአምባ አገር ቅጥሩ ገደሉ ራሱ ነው፤ ሰው የሚጨምርበት በር መዝጊያ ድንጋይ፣ የውኃ ጉድጓድና የእህል ጎተራ ብቻ ነው። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሰሜን ከቤተ እስራኤል መሪ ከራዳኢ ጋር ሲዋጉ፣ ያስቸገራቸው የአምባው ገደልና ከላይ የሚለቀቀው ድንጋይ እንጂ በኖራ የተገነባ ግንብ አልነበረም።

ስለዚህ በአዲ አርቃይ ዙሪያ የሚሠማራ ተመራማሪ ከግንብ አስቀድሞ ውኃን ይጠይቅ። በአምባው ራስ ላይ ክረምት ከበጋ የሚገኝ ምንጭ የት እንዳለ፣ መውጫው በየትኛው በኩል እንደ ሆነ፣ በማረሻ ሥር ገል የሚወጣው ከየትኛው ማሳ እንደ ሆነ የአገሩ ሽማግሌ ያውቃል። እርሻው ወደ ገደሉ አፍ በተጠጋ ቁጥርና መንገድ በተቆረጠ ቁጥር ይህ ምልክት ይበተናል። ሽማግሌውም ሲያልፍ ስፍራውን የሚያመለክት ሰው አይቀርም፤ መዝገቡም ከዚህ በፊት መጀመር ይኖርበታል።