ከቀይ ቀለም እስከ ዊኪ ምልክት

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። ስለዚህ የብራና ጸሓፊዎቻችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ፣ ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ ይለያሉ፤ የምዕራፍ መነሻንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ቀዩ ቀለም ጌጥ ብቻ ሳይሆን ለአንባቢ መንገድ መሪ ነው።

ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 የመጀመሪያውን ዊኪ በአሜሪካ ሲከፍት፣ አንዱን ገጽ ከሌላው የሚያገናኘው ቃላትን በትልልቅ ፊደላት እያያያዘ በመጻፍ ነበር። ይህ ዘዴ ለላቲን ፊደል ይስማማል፤ ለግዕዝ ግን በሩ ዝግ ነው። በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ዊኪፔዲያ ነው፤ በዚያው ዓመት ማያያዣው ድርብ ቅንፍ ሆነ።

ዛሬ ስለ ጭፍራ በአማርኛ የሚጽፍ ጀማሪ ጥቂት ምልክቶች ይበቁታል። [[ጭፍራ]] ብሎ ሲጽፍ ቃሉ ወደ ከተማይቱ ገጽ ይመራል፤ '''ጭፍራ''' ሲል ስሙ ይደምቃል፤ በሁለት በሁለት ነጠላ ጥቅስ ቢከበው ግን ያጋድላል። == ታሪክ == የሚለው መሥመር ርእስ ይሆናል፤ በመሥመር መነሻ የሚገባ ኮከብ ዝርዝር ያወጣል።

ነገር ግን ምልክት ብቻውን ጸሓፊ አይተካም። የጭፍራ ሕዝብ የሚናገረው አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከመነሻው ችግር አልነበረበትም፤ ሆኖም የአፋርኛው ዊኪፔዲያ ተዘግቷል። እንግዲህ በር የሚከፍተው ምልክት ቢሆንም፣ ቤቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ጸሓፊው ነው።